ኮዱ መታየቱ ብቻ አይበቃም

ኦፕን ሶርስ ማለት ሶርስ ኮዱ ለሕዝብ የተለቀቀ፣ ማንም ሰው ለፈለገው ሥራ እንዲጠቀምበት፣ እንዲያጠናው፣ እንዲለውጠውና ለሌላ እንዲያስተላልፈው በሕጋዊ ፈቃድ የተሰጠ ሶፍትዌር ነው። በዚህ ፍቺ ውስጥ የኮዱ መገኘትና የፈቃዱ መሰጠት ጎን ለጎን ቆመዋል። በዕለት ተዕለት ንግግር ግን የመጀመሪያው ብቻ ይነሣና ሁለተኛው ይዘነጋል። በዚህ ዘርፍ የሚነሣው ብዙ ክርክርም የሚመነጨው ከዚሁ መዘንጋት ነው፤ ኮዱ በኢንተርኔት ላይ ለሁሉም እየታየ ሶፍትዌሩ ግን ዝግ ሊሆን ይችላልና።

ሶርስ ኮድ ፕሮግራመሩ የሚጽፈው፣ ሌላ ሰው አንብቦ የሚረዳው ጽሑፍ ነው። ብዙውን ጊዜ ኮምፒውተሩ ይህን ጽሑፍ እንዳለ አይቀበለውም፤ ኮምፓይለር የሚባል ሌላ ፕሮግራም ወደ ማሽን ቋንቋ ይለውጥለታል። ሶፍትዌር ገዝቶ የሚጭን ሰው እጅ የሚገባው ይህ የተለወጠው ነው። ከተፈጨ በርበሬ ላይ ኮረሪማው ስንት፣ ጥቁር አዝሙዱ ስንት እንደነበር መልሶ መለየት እንደሚያስቸግር ሁሉ፣ ከማሽን ቋንቋ ተነሥቶ የመጀመሪያውን ጽሑፍ ከነማብራሪያው መልሶ ማግኘት እጅግ አድካሚ ነው። ስለዚህ ሶርስ ኮዱ የሌለው ሰው ሶፍትዌሩን ይሠራበታል እንጂ አያስተካክለውም። ስሕተት ቢያገኝበት የባለቤቱን ደጅ ይጠናል፤ በራሱ ቋንቋ እንዲሠራለት ቢፈልግም እንደዚያው።

ወደ ሕጉ ሲመጣ፣ በአብዛኛው ዓለም የኮምፒውተር ፕሮግራም ልክ እንደ መጽሐፍ በቅጂ መብት ይጠበቃል። በኢትዮጵያም የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራምን ጥበቃ ከሚደረግላቸው ሥራዎች መካከል ይቆጥረዋል። ጥበቃው የሚጀምረው ሥራው ሲፈጠር ነው፤ ባለቤቱ እንዲያስመዘግብ አይገደድም። ማባዛት፣ መለወጥና ማሰራጨት የእርሱ ብቻ መብቶች ይሆናሉ።

ከዚህ የሚከተለው ነገር ብዙ ወጣት ፕሮግራመሮችን ያስገርማል። አንድ ሰው የጻፈውን ኮድ ምንም የፈቃድ ጽሑፍ ሳያያይዝበት ጊትሃብ በተባለው የኮድ ማስቀመጫ ድረ ገጽ ላይ ቢያስቀምጠው ሥራው ኦፕን ሶርስ አይሆንም። ማንም ገብቶ ሊያነበው ይችላል፤ ወስዶ በራሱ ሥራ ውስጥ ለመክተት ወይም ለውጦ ለማሰራጨት ግን መብት የለውም፤ ዝምታ በሕግ ፊት ፈቃድ አይደለምና። ፈቃድ፣ ማለትም ፕሮግራመሮች ላይሰንስ የሚሉት ጽሑፍ፣ ሕጉ ለባለቤቱ ብቻ የሰጠውን መብት ባለቤቱ ለሌሎች የሚያካፍልበት ሰነድ ነው። ምን ያህል እንደሚያካፍልና በምላሹ ምን እንደሚጠይቅ የሚታወቀው ከዚያ ሰነድ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ሰነዱ ላይሰንስ በሚል ስም ከኮዱ ጋር በአንድ ፎልደር ይቀመጣል።

ዝግ ሶፍትዌርም ላይሰንስ አለው። ሶፍትዌር ሲጫን በስክሪኑ ላይ የሚመጣው፣ አብዛኛው ሰው ሳያነብ «እስማማለሁ» ብሎ የሚያልፈው ረጅም ጽሑፍ እርሱ ነው። ሶፍትዌሩ በስንት ኮምፒውተር ላይ እንደሚጫን ይወስናል፤ ቅጂ ለሌላ መስጠትን ይከለክላል፤ የማሽኑን ቋንቋ ፈትቶ አሠራሩን መመርመርንም ብዙ ጊዜ ይከለክላል። ለተማሪ በቅናሽ የተሰጠውን ለንግድ ሥራ ማዋል፣ የተገዛውን ለሌላ መሸጥ የማይፈቀድበት ጊዜ አለ። በየወሩ ወይም በየዓመቱ በሚከፈልባቸው ሶፍትዌሮች ደግሞ ክፍያው ሲቋረጥ ፈቃዱም አብሮ ይቋረጣል። ገዢው ገንዘብ የከፈለው በተወሰነ ልክ ለመጠቀም ነው፤ የሶፍትዌሩ ባለቤት አልሆነም።

ነገሩ ከመጀመሪያው እንዲህ አልነበረም። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታትና ወራት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ ኮምፒውተር እጅግ ውድ ስለነበር ፕሮግራሙ ከማሽኑ ጋር ተያይዞ ይመጣ ነበር፤ ባለ ማሽኖቹም ኮድ ይለዋወጡ ነበር። በ1969 አይ ቢ ኤም ሶፍትዌርን ከማሽኑ ነጥሎ ዋጋ እንደሚያወጣለት አስታወቀ። በየካቲት 1976 ደግሞ የሃያ ዓመቱ ቢል ጌትስ በቤታቸው ኮምፒውተር ለሚገጣጥሙ ሰዎች ግልጽ ደብዳቤ ጻፈ። ኩባንያው ለአልቴር ኮምፒውተር የሠራውን የቤዚክ ፕሮግራም አብዛኛው ተጠቃሚ ሳይከፍል እየገለበጠ መሆኑን በመግለጽ፣ እንዲህ ከሆነ ጥሩ ሶፍትዌር ማን ይሠራል ሲል ጠየቀ። አቤቱታው እውነት ነበረው፤ የወራት ድካም ዋጋ ያስፈልገዋል። ከዚያ በኋላ ግን ኢንዱስትሪው የድካሙን ዋጋ ከመጠየቅ አልፎ ኮዱን ራሱን መደበቅን ልማድ አደረገ።

በ1980 ገደማ በአሜሪካ፣ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም የሰው ሠራሽ አስተውሎት ላቦራቶሪ ውስጥ የተከሰተው ይህ ልማድ ምን እንደሚያስከትል በግልጽ ያሳያል። ላቦራቶሪው ቀድሞ የነበረው ፕሪንተር ወረቀት ሲነክስበት ለተጠቃሚዎቹ መልእክት ይልክ ነበር፤ ይህም የሆነው እዚያው ይሠራ የነበረው ፕሮግራመር ሪቻርድ ስቶልማን ኮዱን አሻሽሎት ስለነበር ነው። በኋላ ከዜሮክስ ኩባንያ የተሻለና ፈጣን የሌዘር ፕሪንተር ተሰጣቸው። እርሱም ወረቀት ይነክስ ነበር፤ ኮዱ ግን አብሮ አልመጣም። ፕሪንተሩ ሌላ ፎቅ ላይ ስለነበር ሰው ወርዶ ወይም ወጥቶ ካላየ በቀር ወረቀት መንከሱን የሚያውቅ አልነበረም። ስቶልማን ኮዱ በሌላ ዩኒቨርሲቲ አንድ ተመራማሪ እጅ እንዳለ ሰምቶ ሄዶ ጠየቀ። ተመራማሪው ለማንም ላለመስጠት ቃል ገብቼአለሁ ብሎ መለሰው። ስቶልማን ችግሩን ያውቅ ነበር፤ መፍትሔውን መጻፍ የሚችለውም እርሱ ራሱ ነበር፤ በመካከል የቆመው የፈቃድ ውል ብቻ ነው።

ስቶልማን በመስከረም 1983 ግኑ የተባለውን ፕሮጀክት አስታወቀ፤ ዓላማው ማንም የሚጠቀምበትና የሚለውጠው ሙሉ ኦፐሬቲንግ ሲስተም መሥራት ነበር። በ1985 የፍሪ ሶፍትዌር ፋውንዴሽንን መሠረተ። ንቅናቄው አራት ነፃነቶችን መለኪያ አደረገ፤ ፕሮግራሙን ለማንኛውም ዓላማ ማስኬድ፣ አሠራሩን ማጥናትና መለወጥ፣ ቅጂውን ማካፈል፣ የተለወጠውንም ማካፈል። ከእነዚህ ውስጥ ስለ ገንዘብ የሚናገር የለም። ስቶልማን ራሱ ኢማክስ የተባለውን ጽሑፍ ማዘጋጃ በቴፕ ቀድቶ በ150 ዶላር ይሸጥ ነበር። ሬድ ሃት የተባለው ኩባንያም በኦፕን ሶርስ ሶፍትዌር ላይ የድጋፍ አገልግሎት እየሸጠ አድጎ በ2019 አይ ቢ ኤም በ34 ቢሊዮን ዶላር ገዝቶታል። ስለዚህ ኦፕን ሶርስን «በነጻ የሚገኝ ሶፍትዌር» ብሎ መግለጽ ነገሩን ያዛባል። በነጻ የሚታደል ዝግ ሶፍትዌር ሞልቷል፤ በገንዘብ የሚሸጥ ኦፕን ሶርስም አለ።

አንድ ችግር ግን ወዲያው ተነሣ። ነፃነቱ ለሁሉም ከተሰጠ፣ አንድ ኩባንያ ኮዱን ወስዶ ጥቂት ለውጦ ዝግ አድርጎ ቢሸጠውስ? መልሱ በ1989 የወጣውና በ1991 የተሻሻለው ጄኔራል ፐብሊክ ላይሰንስ ነው፤ በአጭሩ ጂ ፒ ኤል ይባላል። ጂ ፒ ኤል የቅጂ መብትን አይጥልም፤ እንዲያውም በእርሱ ላይ ይቆማል። ኮዱ የእኔ ነው፣ ስለዚህ ቅድመ ሁኔታ ማስቀመጥ እችላለሁ ይላል። ቅድመ ሁኔታውም ይህን ፕሮግራም ወይም ከእርሱ የተሠራ ሌላ ፕሮግራም የሚያሰራጭ ሁሉ ሶርስ ኮዱን በዚሁ ፈቃድ አብሮ ይስጥ የሚል ነው። ይህ አሠራር ኮፒሌፍት ይባላል። ገደብ መሆኑ አይካድም። ነገር ግን ገደቡ የሚከለክለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አንዱ ያገኘውን መብት ቀጥሎ ለሚመጣው ሰው መንፈግን። ፕሮግራሙን በቤቱ ወይም በመሥሪያ ቤቱ ለውጦ ለራሱ ብቻ የሚሠራበት ሰው ኮዱን ለማንም የማሳየት ግዴታ የለበትም፤ ግዴታው የሚመጣው ሲያሰራጭ ነው።

የሊኑክስ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ታሪክ የተለያዩ ገደቦች የተለያየ ውጤት እንዳላቸው ያሳያል። የፊንላንዱ ተማሪ ሊነስ ቶርቫልድስ በ1991 ሊኑክስን ሲለቅ ፈቃዱን የጻፈው ራሱ ነበር። ሶርስ ኮዱ አብሮ እንዲሰጥ ያዛል፤ በሊኑክስ ገንዘብ መቀበልን ግን ይከለክላል። ሐሳቡ ቅን ነበር። ብዙም ሳይቆይ ግን ሊኑክስን በፍሎፒ ዲስክ ገልብጠው በየስብሰባው ማደል የሚፈልጉ ሰዎች የዲስኩን ዋጋ እንኳ መቀበል አንችልም አሉ። ነጋዴን ለማራቅ የገባው ዐረፍተ ነገር በጎ ፈቃደኞቹን አራቀ። ቶርቫልድስ በ1992 ፈቃዱን ወደ ጂ ፒ ኤል ለወጠ፤ ይህንንም ካደረጋቸው ነገሮች ሁሉ ከምርጦቹ አንዱ አድርጎ ሲያነሣው ኖሯል። ዛሬ ሊኑክስ በአብዛኞቹ የኢንተርኔት ሰርቨሮችና በእያንዳንዱ አንድሮይድ ስልክ ውስጥ አለ።

ኦፕን ሶርስ የሚለው ስም የመጣው ዘግይቶ ነው። በጥር 1998 የኢንተርኔት ብራውዘር ሠሪው ኔትስኬፕ ኮዱን እንደሚለቅ አስታወቀ። በየካቲት መጀመሪያ በካሊፎርኒያ፣ ፓሎ አልቶ ከተማ የተሰበሰቡ ሰዎች አሠራሩን ለኩባንያዎች ለማስረዳት የሚመች ስም ሲፈልጉ ክሪስቲን ፒተርሰን ይህን ስም አቀረበች። በዚያው ወር ፕሮግራመሮቹ ኤሪክ ሬይመንድና ብሩስ ፐረንስ ኦፕን ሶርስ ኢኒሼቲቭ የተባለውን ድርጅት መሠረቱ። ድርጅቱ ፐረንስ በ1997 ዴቢያን ለተባለው የሊኑክስ ስርጭት ማኅበረሰብ ያዘጋጀውን መመሪያ መነሻ አድርጎ አሥር መስፈርቶች አወጣ፤ እስከ ዛሬም አዳዲስ ፈቃዶችን በእነዚህ እየመዘነ ያጸድቃል።

ከአሥሩ መካከል ብዙ ክርክር የሚነሣባቸው አምስተኛውና ስድስተኛው ናቸው። አምስተኛው ፈቃዱ በማንኛውም ሰው ወይም ቡድን ላይ አድልዎ አያድርግ ይላል፤ ስድስተኛው ሶፍትዌሩ የሚውልበትን የሥራ መስክ አይገድብ ይላል። «ለንግድ አይውልም» የሚል ፈቃድ ኦፕን ሶርስ አይደለም። «ለወታደራዊ ሥራ አይውልም» የሚልም፣ «በዚህ አገር ያሉ ሰዎች አይጠቀሙበትም» የሚልም አይደለም። ጽሑፉን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያነብ ሰው ይህ ከልክ ያለፈ ግትርነት ሊመስለው ይችላል። ክፉ ሰው በሥራዬ እንዳይጠቀም ብከለክል ምን ነውር አለው?

መልሱን ከሚያስረዱት ምሳሌዎች አንዱ ከደቡብ አፍሪካ ጋር የተያያዘ ነው። በአፓርታይድ ዘመን የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ የኤሌክትሮኒክ ዑደቶችን ለመንደፍ የሚያገለግል ፕሮግራም ሲለቅ፣ የደቡብ አፍሪካ ፖሊስ እንዳይጠቀምበት የሚከለክል ዐረፍተ ነገር በፈቃዱ ውስጥ አስገባ። በወቅቱ ጽሑፉን በተቃውሞ የሚያነሣ ሰው ማግኘት ይከብድ ነበር። አፓርታይድ ግን በ1994 አበቃ፤ ዐረፍተ ነገሩ አላበቃም። ፕሮግራሙን በዚያ ፈቃድ ያገኙ ሰዎች፣ ከእርሱም ሌላ ሥራ የሠሩ ሁሉ፣ የአዲሲቱ ደቡብ አፍሪካ ፖሊስ ላይ የቆመውን ክልከላ ይዘው ቀሩ። መንግሥት ይለወጣል፣ ሕግ ይለወጣል፤ በሺህ ቅጂዎች የተበተነን ፈቃድ ግን ሰብስቦ ማረም አይቻልም።

ሌላው ምሳሌ አጭር ነው፤ ያስከተለው ጣጣ ግን ረጅም ነበር። ዳግላስ ክሮክፈርድ የተባለው ታዋቂ ፕሮግራመር ጄሰን ለተባለው የመረጃ መለዋወጫ ቅርጽ በሠራው ኮድ ፈቃድ ላይ፣ ሶፍትዌሩ ለመልካም እንጂ ለክፉ ሥራ እንዳይውል የሚል አንድ መስመር ጨመረ። ማንም ክፉ ነኝ አይልም፤ ሆኖም የኩባንያ ጠበቆች በዚህ መስመር ተጨነቁ። ክፉ ማለት ምንድን ነው? የሚወስነውስ ማን ነው? ዴቢያን ይህን ፈቃድ የያዘውን ኮድ ከነፃ ሶፍትዌሮቹ ዝርዝር አስወጣው። የአፓቺ ሶፍትዌር ፋውንዴሽንም በ2016 በፕሮጀክቶቹ ውስጥ እንዳይገባ አገደው። ብዙ ፕሮግራመሮች ተመሳሳይ ሥራ የሚሠራ ኮድ እንደገና ለመጻፍ ተገደዱ። ክፉ የሚሠራ ሰው ግን በዚያ መስመር ምክንያት ሥራውን አይተውም፤ ክፋትን መከልከል የወንጀል ሕግ ተግባር ነው፤ የፈቃድ ጽሑፍ ያን ሸክም ሊሸከም አይችልም።

ይህ ሲባል ኦፕን ሶርስ ገደብ አያውቅም ማለት አይደለም። እጅግ ልል የሚባሉት የኤም አይ ቲ እና የቢ ኤስ ዲ ፈቃዶች እንኳ የደራሲው ስምና የፈቃዱ ጽሑፍ ከኮዱ ጋር አብሮ እንዲሄድ ያዛሉ። ሶፍትዌሩ ጉዳት ቢያደርስ ደራሲው እንደማይጠየቅም ይገልጻሉ። ከዚያ ውጭ ኮዱን በዝግ ሶፍትዌር ውስጥ መክተትም ይፈቅዳሉ። ጥንታዊው የቢ ኤስ ዲ ፈቃድ አንድ ተጨማሪ ግዴታ ነበረበት፤ ስለ ሶፍትዌሩ የሚናገር ማስታወቂያ ሁሉ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲን በስም እንዲያመሰግን ያዝ ነበር። ሌሎች ጸሐፊዎችም የዩኒቨርሲቲውን ስም በራሳቸው እየተኩ ጽሑፉን ገለበጡት። ስቶልማን በ1997 በአንድ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ውስጥ ብቻ እንዲህ ያሉ 75 የምስጋና ዐረፍተ ነገሮች ቆጥሯል። ዩኒቨርሲቲው በ1999 ግዴታውን አነሣው። አንድ ቀላል የሚመስል ልመና በብዙ እጅ ሲያልፍ እንዴት ሸክም እንደሚሆን ከዚህ በላይ የሚያሳይ የለም።

በልሉና በጥብቁ መካከል ያሉት ፈቃዶች ብዙ ናቸው። የ2004ቱ የአፓቺ ሁለተኛ ፈቃድ እንደ ኤም አይ ቲ ልል ሆኖ የፓተንት፣ ማለትም የፈጠራ ባለቤትነት፣ መብትን በግልጽ ያካትታል፤ ኮድ ያበረከተ ኩባንያ በኋላ ተመልሶ በዚያው ኮድ በፓተንት እንዳይከስ ነው። የሞዚላ ፈቃድ ግዴታውን በፋይል ይወስናል፤ የተለወጠው ፋይል ክፍት ሆኖ ይቀጥላል፣ አዲስ የተጨመረው ፋይል ግን በሌላ ፈቃድ ሊሆን ይችላል። ኤ ጂ ፒ ኤል ደግሞ ከሁሉም ጠበቅ ይላል። ጂ ፒ ኤል ስለ ማሰራጨት ብቻ ስለሚናገር፣ ፕሮግራሙን ለውጦ በራሱ ሰርቨር ላይ የሚያስኬድና በኢንተርኔት ብቻ አገልግሎት የሚሰጥ ድርጅት ከግዴታው ውጭ ነበር። በ2007 የወጣው ኤ ጂ ፒ ኤል ይህን ቀዳዳ ዘጋ፤ በኔትወርክ የሚገለገልበት ሰው ሁሉ የተለወጠውን ኮድ የማግኘት መብት አለው።

ፈቃዶቹ እርስ በርስ የማይስማሙበትም ጊዜ አለ። ሁለተኛውን ጂ ፒ ኤል ብቻ የያዘ ኮድና በአፓቺ ሁለተኛ ፈቃድ የወጣ ኮድ በአንድ ፕሮግራም ውስጥ ተቀላቅለው መሰራጨት እንደማይችሉ የፍሪ ሶፍትዌር ፋውንዴሽን ያስረዳል፤ አንዱ የሚጠይቀውን ሌላው አይፈቅድምና። በ2007 የወጣው ሦስተኛው ጂ ፒ ኤል ይህን አስታረቀ። ስለዚህ ሶፍትዌር የሚሠራ ቡድን ኮድ ከመዋሱ በፊት የሁለቱንም ፈቃድ ማንበብ አለበት፤ ሥራው ካለቀ በኋላ ማጣራት ብዙ ዋጋ ያስከፍላል።

እነዚህ ፈቃዶች በፍርድ ቤት ይጸናሉ ወይ የሚለው ጥያቄ ለረጅም ጊዜ መልስ አላገኘም ነበር። በ2003 ሊንክሲስ የተባለው፣ በዚያው ዓመት በሲስኮ የተገዛው ኩባንያ ይሸጠው በነበረው ደብሊው አር ቲ 54 ጂ የዋይፋይ ራውተር ውስጥ ሊኑክስ እንዳለ ፕሮግራመሮች ደረሱበት። ሶርስ ኮዱ ግን አልተሰጠም። በጂ ፒ ኤል ግዴታ ላይ የተመሠረተው ግፊት ሲበረታ ኩባንያው ኮዱን ለቀቀ። በዚያ ኮድ ላይ ተመሥርቶ በ2004 ኦፕን ደብሊው አር ቲ የተባለ ፕሮጀክት ተጀመረ፤ ዛሬ እጅግ ብዙ ዓይነት ራውተሮች ላይ ይጫናል። አምራቹ የተዋቸውን አሮጌ ራውተሮች ባለቤቶቻቸው አድሰው የሚገለገሉባቸው በዚህ ምክንያት ነው።

በ2004 የሙኒክ ፍርድ ቤት በጀርመን የጂ ፒ ኤልን ተፈጻሚነት ተቀብሎ፣ ግዴታውን ያልተወጣ የኔትወርክ ዕቃ አቅራቢ ምርቱን እንዳያሰራጭ አገደ። በአሜሪካ ግን ወሳኙ ጉዳይ የመጣው ማንም ካልጠበቀው ቦታ፣ ከአሻንጉሊት ባቡር ነው። አንድ የበርክሌይ የፊዚክስ ፕሮፌሰርና ባልደረቦቹ የሞዴል ባቡሮችን በኮምፒውተር የሚያንቀሳቅስ ሶፍትዌር በክፍት ፈቃድ ለቀው ነበር። አንድ ነጋዴ ከፋይሎቹ የተወሰኑትን የደራሲዎቹን ስም ሳያካትት በራሱ ምርት ውስጥ ከተተ። የሥር ፍርድ ቤት ነገሩ የውል ጥያቄ ብቻ ነው አለ። የፌዴራሉ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በነሐሴ 2008 ይህን ሻረ። ስምን መጥቀስና ለውጥን ማሳወቅ የፈቃዱ ቅድመ ሁኔታዎች በመሆናቸው፣ እነርሱን የጣሰ ሰው ፈቃድ እንደሌለው ይቆጠራል፤ የቅጂ መብት ጥሰትም ይሆናል ሲል ወሰነ። ፍርድ ቤቱ ገንዘብ ያልተጠየቀበት ሥራም ኢኮኖሚያዊ ዋጋ እንዳለው ተናግሯል። ለዘርፉ ይህ ትልቅ ድል ነበር፤ በነጻ የተሰጠ ሥራ ባለቤት አልባ እንዳልሆነ ተረጋግጧልና።

ካለፉት ጥቂት ዓመታት ወዲህ ክርክሩ መልኩን ለውጧል። የመረጃ ቋት ሶፍትዌር የሚሠሩ ኩባንያዎች ኮዳቸውን በክፍት ፈቃድ ለቀው ሳለ፣ ግዙፎቹ የክላውድ ድርጅቶች ያንኑ ሶፍትዌር በሰርቨሮቻቸው ላይ አስቀምጠው አገልግሎቱን ሸጡት። ሠሪዎቹ ወጪውን እኛ ተሸክመን ትርፉን ሌላው ወሰደው አሉ። ሞንጎዲቢ በ2018 ፈቃዱን ለወጠ፤ አዲሱ ፈቃድ ሶፍትዌሩን እንደ አገልግሎት የሚያቀርብ ሁሉ አገልግሎቱን የሚያስኬድበትን ሌላውንም ሶፍትዌር ጭምር እንዲከፍት ያዛል። ኦፕን ሶርስ ኢኒሼቲቭ ይህን ፈቃድ አላጸደቀውም። በ2021 ኢላስቲክ የተባለው ኩባንያ ተከተለ፤ አማዞንም የቀድሞውን ኮድ ይዞ ኦፕን ሰርች የተባለ ቅርንጫፍ አወጣ። በ2023 ሃሺኮርፕ ቴራፎርም የተባለውን ሶፍትዌሩን ተወዳዳሪ ምርት መሥራትን ወደሚከለክል ፈቃድ ሲያዛውር ተጠቃሚዎቹ ኦፕን ቶፉን፣ በ2024 ሬዲስ ተመሳሳይ እርምጃ ሲወስድ ደግሞ ቫልኪን መሠረቱ። ይህ ሁሉ ሊሆን የቻለው የቀድሞው ፈቃድ ስለማይሻር ነው፤ ባለቤቱ ወደፊት የሚጽፈውን መዝጋት ይችላል፣ ትናንት የሰጠውን ግን መልሶ መውሰድ አይችልም። ኢላስቲክ በ2024፣ ሬዲስም በ2025 ኤ ጂ ፒ ኤልን አማራጭ አድርገው በማቅረብ ወደ ክፍቱ ወገን ተመልሰዋል።

በእነዚህ ገዳቢ ፈቃዶች ሥር ያለ ኮድ ይነበባል፣ ይወርዳል፣ ብዙ ጊዜም ይለወጣል። ኩባንያዎቹ ስማቸውን ለማቆየት ሲሉ ክፍት ነው ማለታቸው አልቀረም። ሆኖም አንድ ሰው በእርሱ ምን እንደሚሠራ የሚወስነው አሁንም ባለቤቱ ከሆነ፣ የአሥሩ መስፈርቶች ስም ለእርሱ አይገባም። ኩባንያ ሥራውን ለመጠበቅ ገደብ ማውጣት መብቱ ነው፤ ገደቡን አውጥቶ ኦፕን ሶርስ ብሎ መጥራት ግን ተጠቃሚውን ማሳሳት ነው።

በሰው ሠራሽ አስተውሎት ሞዴሎችም ይኸው ይታያል። ሜታ በ2023 የለቀቀው ሁለተኛው ላማ ሞዴል ክፍት ተብሎ በሰፊው ተወራለት። ፈቃዱ ግን በወር ከ700 ሚሊዮን በላይ ተጠቃሚ ያላቸው ድርጅቶች የተለየ ስምምነት እንዲጠይቁ ያዛል፤ የተከለከሉ አጠቃቀሞችም ዝርዝር አለው። ኦፕን ሶርስ ኢኒሼቲቭ ይህ ኦፕን ሶርስ አይደለም ብሏል። በጥቅምት 2024 ለሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሆን የራሱን ፍቺ አውጥቷል፤ በዚያም ሞዴሉ ስለሠለጠነበት መረጃ በቂ ማብራሪያ መሰጠት አለበት።

በኢትዮጵያ ፈቃዶቹ የሚነኩት የፕሮግራመሮችን ሥራ ብቻ አይደለም። ፋይዳ የተባለው ብሔራዊ መታወቂያ የተገነባው በሕንድ ባንጋሎር በሚገኝ የቴክኖሎጂ ተቋም በተጀመረው ሞሲፕ በተባለ ሥርዓት ላይ ነው፤ ሞሲፕ የወጣውም በሁለተኛው የሞዚላ ፈቃድ ነው። ጤና ሚኒስቴር ከጤና ተቋማት የሚመጣውን ሪፖርት የሚሰበስብበት ዲ ኤች አይ ኤስ 2 ደግሞ በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የሚመራ፣ መነሻው ከአፓርታይድ በኋላ በነበረችው ደቡብ አፍሪካ የሆነ፣ በቢ ኤስ ዲ ፈቃድ የሚሰጥ ሶፍትዌር ነው። እንዲህ ባለ ፈቃድ የቆመ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሶፍትዌሩን በስንት ኮምፒውተር እንደጫነ ለማንም አያስቆጥርም። የአገር ውስጥ ባለሙያ ቀጥሮ ማስተካከል፣ ከአንዱ አማካሪ ወደ ሌላው መሄድ፣ የቀን መቁጠሪያውን ወደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር ማስለወጥ ይችላል። ፈቃዱ የማይሰጠውም ነገር አለ። ባለሙያውን አይቀጥርም፣ ሰርቨሩን አይጠግንም፣ የዜጎችን መረጃ በራሱ አይጠብቅም። መብቱ ቢኖርም ኮዱን የሚያነብ ሰው በመሥሪያ ቤቱ ውስጥ ከሌለ ጥገኝነቱ ከሶፍትዌር ሻጩ ወደ አማካሪው ይዛወራል እንጂ አይጠፋም።

ማንኛውም አማርኛ ጸሐፊ በየቀኑ የሚያየው ክፍት ፈቃድ ደግሞ የፊደል ቅርጽ ፈቃድ ነው። አቢሲኒካ ኤስ አይ ኤል እና ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ የተባሉት ፎንቶች የሚሰጡት በኤስ አይ ኤል ኦፕን ፎንት ላይሰንስ ነው። ይህ ፈቃድ በኦፕን ሶርስ ኢኒሼቲቭ የጸደቀ ሆኖ በውስጡ ገደቦች አሉት። ፎንቱን ለብቻው መሸጥ አይፈቀድም፤ ከማንኛውም ሶፍትዌር ጋር አብሮ መሸጥ ግን ይፈቀዳል። ቅርጹን የለወጠ ሰው የተለወጠውን በዚያው ፈቃድ መስጠት አለበት። ባለቤቱ ለራሱ ያስቀረውን ስምም መጠቀም አይችልም፤ ለምሳሌ የጉራጊኛ ፊደላትን ቅርጽ አሻሽሎ የሚያወጣ ሰው ፎንቱን ሌላ ስም ያወጣለታል እንጂ አቢሲኒካ አይለውም። አንባቢው በአንድ ስም ሁለት የተለያዩ ፎንቶች እንዳያጋጥሙት ነው። በፎንቱ የተጻፈው መጽሐፍ፣ ጋዜጣ ወይም ማስታወቂያ ግን ከፈቃዱ ምንም ግዴታ አይወርስም፤ ሙሉ በሙሉ የጸሐፊው ነው።